የተከታታይ ውህደት ሰርቨር አተካከልና አጠቃቀም፤ በልደታ ክፍለ ከተማ ለሚሠሩ የሶፍትዌር አልሚዎች

ተከታታይ ውህደት ወይም በባለሙያዎች አጠራር ኮንቲኒዩየስ ኢንተግሬሽን፣ በአንድ ሥርዓት ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ያደረጉት እያንዳንዱ የኮድ ለውጥ ወደ ጋራ ማከማቻ በገባ ቁጥር በራሱ የሚገነባበትና የሚፈተሽበት አሠራር ነው። ይህን ተግባር የሚያከናውነው ኮምፒውተር የተከታታይ ውህደት ሰርቨር ይባላል። ተገልጋዩ ሰርቨሩን አያየውም፤ ነገር ግን ትናንት ሲሠራ የነበረ የኦንላይን ቅጽ ዛሬ ለምን እንደተበላሸ የሚያስረዳው ብዙውን ጊዜ የዚህ ፍተሻ አለመኖር ነው።

በሰፊው ከሚታወቁት ሰርቨሮች አንዱ ጄንኪንስ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ኮሱኬ ካዋጉቺ በሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ ሲሠራ ሃድሰን በሚል ስም ጀመረው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የአሁኑን ስያሜ አገኘ። በነፃ የሚገኝ በመሆኑና በድርጅቱ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ስለሚተከል የውጭ ምንዛሪ ክፍያ አይጠይቅም። ኮዱን በጊትሀብ የሚያስቀምጥ ድርጅት ግን የጊትሀብን የራሱን አገልግሎት መጠቀም ይችላል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ምንጭ ሥርዓትም ኮዱ የሚገነባው በዚሁ መንገድ ነው።

ለአነስተኛ ቡድን ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪና 50 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታ ያለው ኮምፒውተር ይመከራል። በኡቡንቱ ላይ አስቀድሞ ጃቫ መጫን አለበት። ከዚያም ጄንኪንስ ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚሰጥበት እትም ይጫናል። በየሳምንቱ የሚወጣው እትም አዳዲስ ነገሮችን ቀድሞ ቢያመጣም ለሕዝብ አገልግሎት ሥራ አይመረጥም። ተከላው ሲጠናቀቅ በድር ማሰሻ በፖርት 8080 የሚከፈተው ገጽ የመጀመሪያውን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ይህም በሰርቨሩ ውስጥ በተፈጠረ ፋይል ላይ ይገኛል። ቀጥሎ የሚመከሩት ፕለጊኖች ተጭነው የአስተዳዳሪ መለያ ይከፈታል። እስከዚህ ያለው ሥራ የግማሽ ቀን ያህል ነው፤ ከባዱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

በልደታ ኮንዶሚኒየሞች የንግድ ክፍሎችም ሆነ በሌሎች ሕንፃዎች ቢሮ የተከራየ አልሚ ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። አንደኛው መብራት ነው። ግንባታ በመካሄድ ላይ ሳለ ኃይል ሲቋረጥ የሰርቨሩ ፋይሎች ሊበላሹ ስለሚችሉ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ቋሚ የኢንተርኔት አድራሻ አለመኖሩ ነው። የኮድ ማከማቻው ለውጥ ሲገባ ለሰርቨሩ ጥሪ እንዲያደርግ ማዘጋጀት የተለመደ ቢሆንም፣ ከውጭ የሚደረስበት አድራሻ ለሌለው ቢሮ ጥሪው አይደርስም። በዚህ ሁኔታ ሰርቨሩ ራሱ በየ5 ደቂቃው ማከማቻውን እንዲጠይቅ ማድረግ ይሻላል። ጥቂት ደቂቃ ቢዘገይም ሰርቨሩን ለውጭ ዓለም ክፍት ከማድረግ ያድናል።

የሥራው ቅደም ተከተል ከኮዱ ጋር በአንድ ማከማቻ በሚቀመጥ ፋይል ይጻፋል፤ መገንባት፣ መፈተሽ፣ ከዚያም ፍተሻውን ያለፈውን ብቻ ማሳለፍ። ከውጭ የተቀዱ ፍተሻዎች የአገራችንን ሁኔታ አያውቁም። ልደታ ሲባል ለብዙ ባለጉዳይ ቀድሞ የሚታወሰው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎት ነውና፣ ቀጠሮ የሚያስታውስ ፕሮግራም ለምሳሌ ይወሰድ። ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጎ የሚቆጥር ፕሮግራም ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአንድ ቀን ይዛነፋል። የ2016 አዲስ ዓመት በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 የዋለውም ለዚህ ነው። ከሳሽ በቀጠሮው ቀን ካልቀረበ መዝገቡ ሊዘጋ ስለሚችል፣ የአንድ ቀን ስሕተት ቀላል አይደለም። ተመሳሳይ ሁኔታ በ2019 ዓ.ም. ማብቂያ ይደገማል፤ ፍተሻው ግን ዛሬውኑ በሰርቨሩ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ባለጉዳዩ «ጠዋት 3 ሰዓት» ያለውን ኮምፒውተሩ በራሱ አቆጣጠር ከወሰደው ሌሊት 9 ሰዓት ይሆናል። በተጨማሪም ሰለሞንና ሠለሞን፣ ኃይሉና ሀይሉ ተብለው የተጻፉ ስሞች በፍለጋ አንድ ሆነው መገኘታቸው፣ እንዲሁም የቤተሰብ መጠሪያ የሌለው፣ የአባትና የአያት ስም ያለው ዜጋ ቅጹን መሙላት መቻሉ በእያንዳንዱ ለውጥ መፈተሽ አለበት። ፍተሻው ሲወድቅ ሰርቨሩ ሥራውን ማቆም ይኖርበታል። ለማስረከቢያ ቀን ሲባል ማስጠንቀቂያውን አልፎ መልቀቅ የሚፈቀድ ከሆነ ሰርቨሩን የመትከሉ ድካም ከንቱ ነው።

ሰርቨሩ የኮድ ማከማቻውንና አገልግሎቱ የሚሰጥባቸውን ኮምፒውተሮች ቁልፎች ስለሚይዝ ለአጥቂዎች ተፈላጊ ነው። በጃንዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ የጄንኪንስ ክፍተት ምክንያት የውጭ ሰው በሰርቨሩ ያሉ ፋይሎችን ማንበብ የሚችልበት ዕድል ተፈጥሮ ነበር፤ ማስተካከያው በእትም 2.442 እና በረጅም ጊዜ ድጋፉ በእትም 2.426.3 ወጥቷል። ከእነዚህ ያረጀ እትም የሚጠቀም ድርጅት ሳይዘገይ ሊያድስ ይገባል። ግንባታው በዋናው ሰርቨር ላይ ሳይሆን በሌላ ኮምፒውተር እንዲካሄድ፣ የይለፍ ቃሎችም በኮድ ውስጥ ሳይሆን በጄንኪንስ የምስጢር መያዣ እንዲቀመጡ ያስፈልጋል።

ለፍተሻ ተብሎ እውነተኛ የዜጎች መዝገብ ወደ ሰርቨሩ መቅዳት መወገድ ያለበት ልማድ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ እንዲውል ይጠይቃል፤ ለፍተሻ የሚበቃው የተፈጠረ ስምና የተፈጠረ ቁጥር ነው።

የጄንኪንስ ማኅደር ቅጂ በየዕለቱ ተወስዶ ከቢሮው ውጭ በሌላ ቦታ መቀመጥና አልፎ አልፎ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ መሞከር አለበት። ሰርቨሩ ለሥራ ዝግጁ መሆኑን ለማረጋገጥም አንድ ሆን ተብሎ የተበላሸ ለውጥ ማስገባት ይበቃል፤ ሰርቨሩ ካላስቆመው አገልግሎቱን ከእርሱ ጋር ማገናኘት ገና ነው።