ትልቅና ትንሽ ፊደል ቅየራ በሼል ስክሪፕት

ትልቅና ትንሽ ፊደል ቅየራ በሼል ስክሪፕት የሚወጣ ጽሑፍ በሙሉ በካፒታል ወይም በስሞል ሌተር እንዲሆን የማድረግ ዘዴ ነው። ዋና ጥቅሙ አንድን ስም በተለያየ መልክ የጻፉ መዝገቦችን አንድ ማድረግ ነው።

በአስኪ ኮድ ትልቁ ኤ 65፣ ትንሹ 97 ቁጥር አላቸው፤ የ32 ልዩነት ለሁሉም የእንግሊዝኛ ፊደላት አንድ ነው። በዩኒክስ የተለመደው የቅየራ ትእዛዝ ቲአር ነው። ከባሽ 4.0 (2009 እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ከተለዋዋጩ ስም ቀጥሎ ሁለት ኮማ ማስገባት ብቻ ይዘቱን ወደ ትንሽ ፊደል ይለውጣል።

የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው የአማርኛ ጽሑፍ በዚህ አያልፍም፤ እንደገባ ይወጣል። ችግሩ ግን በሌላ መልክ አለ። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሰፈር በላቲን ሲጻፍ በካፒታልና በስሞል ቢለያይ ቅየራው አንድ ያደርገዋል፤ «ሀይሌ ጋርመንት» እና «ኃይሌ ጋርመንት» ግን ለኮምፒውተሩ ሁለት ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ ለአማርኛ የቅየራው አቻ ሞክሼ ፊደላትን ማዋሐድ ነው፦ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓና ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነእርባታቸው።

ለዚህ ቲአርን መጠቀም አደገኛ ነው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ሲይዝ፣ የጂኤንዩ ቲአር የሚሠራው ባይት በባይት ነው። ሠ እና ሰ የሚለያዩት በመጨረሻው ባይት ብቻ ሲሆን፣ የሠ መጨረሻ ባይት በአ እና በበ ውስጥም አለ። በመሆኑም ሠን ወደ ሰ ለውጥ ሲባል «አዲስ አበባ» «ኰዲስ ኰተባ» ሆኖ ይወጣል፤ የስህተት መልእክትም አይታይም። የሴድ መተኪያ ትእዛዝ ሦስቱን ባይት አንድ ላይ ስለሚፈልግ ይህ አይደርስበትም።

ማዋሐዱ ትርጉም ያጠፋል። ፀሐይ ወጣች ለማለት የሚጻፈው «ሠረቀ» ከሌባው «ሰረቀ» ጋር ይቀላቀላል። የተዋሐደው ቅጂ ለፍለጋና ለማነጻጸር ብቻ ይያዛል፤ ለአንባቢ የሚታተመው መጀመሪያ የተጻፈው ነው።