ከጥላ እስከ ቅባት፦ በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች ሕፃናትን ከፀሐይ የመጠበቅ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



ነገሌ ቦረና በታሪክ ትምህርታችን ብዙውን ጊዜ የምትነሣው በሁለት ጥሮች ነው። የመጀመሪያው ጥር 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ የራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊት በገናሌ ዶሪያ ግንባር ከተፈታ በኋላ የግራዚያኒ ጦር ከተማዋን ያዘ፤ ጄኔራሉም ኋላ «የነገሌ ማርኪስ» የሚል ማዕረግ ተሰጠው። ሁለተኛው ጥር 1966 ዓ.ም. ነው። በዚያ ወር በ4ኛው ቀን የነገሌ ጦር ሰፈር ወታደሮች በምግብና በመጠጥ ውኃ ችግር ተማርረው አመፁ፤ ይህም ለአብዮቱ መባቻ ሆነ። ሁለቱም የጦርና የመንግሥት ታሪኮች ናቸው። ዛሬ የማቀርበው ግን የቤትና የደጅ ታሪክ ነው፦ በእነዚህ ከተሞች ልጅ ከፀሐይ የሚጠበቀው በምን ነበር? ዛሬስ በምን ይጠበቃል?

ጥያቄው ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን መልሱ ለአንዳንድ ሕፃናት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። መከራከሪያዬም ይህ ነው፦ ጥላ ለብዙ ዘመን የጋራ ሀብት ነበረ፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ግን የግል ሸቀጥ ሆኖ መጣ። ሁለቱን እስካላገናኘን ድረስ፣ ቅባቱ እጅግ የሚያስፈልገው ልጅ ሳያገኘው ይቀራል።

በቅድሚያ ስለ ፀሐዪቱ። ነገሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከአምስት ዲግሪ ጥቂት አልፋ የምትገኝ ከተማ ናት። ስለዚህም ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት የመጨረሻ ሳምንትና በጳጉሜን፣ በቀትር ልክ ከአናት ላይ ትቆማለች። ያን ጊዜ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ይገባል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያምታቱትን ነገር ልለይ። ቆዳን የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር እንጂ ሙቀቱ አይደለም። ጨረሩ በየአንድ ሺህ ሜትር ከፍታ በአሥር ከመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ የአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ቀትር ከዶሎ ኦዶ ሐሩር የበለጠ ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። ደመናም ቢሆን ብዙውን ጨረር ያሳልፋል። እንግዲህ «ዛሬ አይሞቅም» ማለት «ዛሬ አይጎዳም» ማለት አይደለም።

የአገራችን ሰው ይህን በፊዚክስ ቋንቋ ባይናገረውም ፀሐይ እንደምትጎዳ ያውቅ ነበር። «ምች መታው» የሚለው አባባል ከዚህ የመነጨ ነው። የምች እምነት ከምግብ ሽታ፣ ከእንቅልፍና ከድንገተኛ ፀሐይ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ መድኃኒቱ ዳማከሴ ነው። እናት ሕፃኗን አዝላ ስትወጣ በነጠላ የምትሸፍነውም ከዓይነ ሰብ፣ ከነፋስና ከምች ለመጠበቅ ነው። የበሽታው አገላለጽ ከዘመናዊው ሕክምና ጋር አይገጥምም፤ ሽፋኑ ግን ይሠራል። በሌላ በኩል ለፀጉርና ለገላ የሚቀባው ቅቤ ቆዳን ያለሰልሳል እንጂ ጨረርን አይከለክልም። የታሪክ ተማሪ ሁለቱን ለይቶ ማየት አለበት፤ ልማድ ሁሉ ጥበብ አይደለም፣ ልማድ ሁሉ ስሕተትም አይደለም።

ከሽፋኑ በላይ ትልቁ ተቋም ጥላ ነበረ። በቦረናና በጉጂ ምድር ሸንጎ የሚቀመጠው ከዛፍ ሥር ነው፤ ኦዳ የተከበረውም ያለ ምክንያት አይደለም። በየስምንት ዓመቱ የሚካሄደው ጉሚ ጋዮም በዛፍ ጥላ የሚመከርበት ጉባኤ ነው። ጥጃ የሚጠብቅ ልጅም በቀትር ከግራር ሥር ይጠጋል። አማርኛችንም ጠባቂን «ጥላ ከለላ» ይለዋል። ጃንጥላ ደግሞ «ጃንሆይ» እና «ጃንሜዳ» ላይ የምናገኘውን የንጉሥ መጠሪያ ከ«ጥላ» ጋር ያጣመረ ቃል ነው። የንጉሥና የታቦት ክብር የነበረው ዕቃ ዛሬ በነገሌ ገበያ ልጅ ያዘለች እናት የምትይዘው ሆኗል። በታሪካችን ከላይ ወደ ታች ወርደው ለሁሉ ከደረሱ ጥቂት ነገሮች አንዱ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቅባቱ ልሻገር፤ ታሪኩ ከእኛ ርቆ ይጀምራል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ሐኪሞች የሐሩር አገር ብርሃን ነጭን ሰው ያሳብዳል፣ ያመነምናል ብለው ያምኑ ነበር። አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ቻርልስ ዉድረፍ በ1905 እ.ኤ.አ. ሙሉ መጽሐፍ ጽፎበታል። ኢጣሊያኖች ደፍተውት የመጡት የቅኝ ግዛት ቆብም የዚያ ፍርሃት ልጅ ነው። በዚያው በ1930ዎቹ ግን በፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ቆዳን በፀሐይ ማጠየም ፋሽን ሆኖ ነበር፤ የሎሬያል መሥራች ዩጂን ሹለርም «አምብር ሶሌር» የተባለውን ዘይት ለገበያ አቀረበ። አንዱ አህጉር በአንድ ዘመን የእኛን ፀሐይ በቆብ እየሸሸ የራሱን በዘይት ያሳድድ ነበር ማለት ነው። ቅባቱ የተወለደው ለመዝናኛ ነው። በጠርሙሱ ላይ የምናነበው «ኤስፒኤፍ» የተባለው የመከላከያ ቁጥርም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲስፋፋ፣ የሚለካው በፈካ ቆዳ ላይ ነበር፤ ዛሬም በአመዛኙ እንዲሁ ነው።

ይህ አመጣጥ መዘዝ አለው። በከተሞቻችን ፋርማሲዎች ቅባቱ ከማስዋቢያዎች ጎን ይደረደራል፤ አንዳንዴም ከቆዳ ማንጫ ክሬም ጋር ይምታታል። ወላጆችም «የፈረንጅና የሀብታም ዕቃ» ይሉታል። ለአብዛኛው ጠይም ወይም ጥቁር ልጅ ይህ ከእውነት ብዙ አይርቅም፤ ሜላኒን ራሱ ከፊል መከላከያ ስለሆነ ጥላ፣ ልብስና ቆብ በቂ ናቸው። እንዲያውም የሕፃናት ሐኪሞቻችን ለብዙ ዓመታት ያስተማሩት ተቃራኒውን ነው፦ ተጠቅልለው ቤት የሚውሉ ሕፃናት በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንታቸው እንዳይልፈሰፈስ፣ በጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ይሙቁ የሚለውን። ለጤና ሠራተኛ ይህን መክሮ የቀትሩን ፀሐይ ሽሹ ማለት ተቃርኖ አይደለም፤ ልዩነቱ ሰዓቱ ነው።

ምክሩ የማይሠራለት ልጅ ግን አለ። አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ቆዳው የሜላኒን ጋሻ የለውም ወይም እጅግ አነስተኛ ነው፤ ዓይኑም ብርሃን አይችልም። ያለ ጥበቃ ካደገ ገና በወጣትነቱ በፊቱ፣ በጆሮውና በአንገቱ ላይ የቆዳ ካንሰር ሊይዘው ይችላል። ለእርሱ የጠዋት ፀሐይ ማሞቅ መድኃኒት አይደለም፤ ቫይታሚን ዲ ካስፈለገው ሐኪም በጠብታ ያዝለታል። ለእርሱ ቅባት ማለት ለስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን እንደ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ዓይነት ቅባት፣ እንዴትስ? የመከላከያ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ለአልቢኒዝም 50 ይመረጣል። ሁለቱንም የጨረር ዓይነቶች፣ ኤንና ቢን፣ የሚከላከል መሆኑ ይነበብ። ለልጅ ቆዳ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት፣ ሽቶ የሌለበት ይሻላል። «ያነጣል» የሚል ዕቃ አይገዛ፤ የአገልግሎት ጊዜውም ይታይ። ከቤት ከመውጣት 15 እስከ 30 ደቂቃ አስቀድሞ ይቀባል፤ ጆሮ፣ ማጅራት፣ ከንፈርና የእግር ጀርባ አይዘንጉ። በየሁለት ሰዓቱ፣ ካላበውና ከታጠበም በኋላ ይደገማል። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ግን ዋና መከላከያው ጥላና ልብስ እንጂ ቅባት አይደለም። ጠርሙሱንም ቆላ ከተማ ውስጥ ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ መተው ኃይሉን ያጠፋዋል።

መጠኑ ግን ዋናው ነጥብ ነው። በቤተ ሙከራ የሚለካው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ሁለት ሚሊግራም ተቀብቶ ነው። በዚህ ስሌት የአምስት ዓመት ልጅ ሙሉ ገላ ወደ 15 ግራም ይፈልጋል፤ በቀን ሦስት ጊዜ ቢቀባ መቶ ግራም ሁለት ቀን ገደማ ብቻ ይቆያል። ይህን የሚችል የነገሌ ቤተሰብ ስንት ነው? ልጁ ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪና ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ከለበሰ ግን ለፊት፣ ለጆሮ፣ ለአንገትና ለእጅ ከ2 እስከ 3 ግራም ይበቃዋል፤ ያው መቶ ግራም ወደ ሁለት ሳምንት ይዘልቃል። ጥላና ቅባት ተፎካካሪዎች አለመሆናቸውን የሚያሳየው ይህ ነው። ቅባቱን ተመጣጣኝ የሚያደርገው ነባሩ ጥላ ነው።

ሌሎች አገሮች ያደረጉት ይህንኑ ነው። አውስትራሊያ በ1981 እ.ኤ.አ. ታላቅ ዘመቻዋን ስትጀምር ያስተማረችው ልብስን፣ ቅባትንና ባርኔጣን በአንድነት ነበር፤ በብዙ ትምህርት ቤቶቿም ባርኔጣ የሌለው ልጅ ሜዳ ላይ አይጫወትም። በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ፣ አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ታስቦ «ኪሊሰን» የተባለ ቅባት እዚያው ይመረታል። የተባበሩት መንግሥታት ሰኔ 6ን የአልቢኒዝም ግንዛቤ ቀን አድርጎታል። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የፀሐይ መከላከያ ቅባትን በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ። ለመዝናኛ የተወለደው ዕቃ ከመቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ መድኃኒት ተባለ።

ለእኛ የቀረን ሥራ የተለየ አይደለም። ከነገሌ እስከ ሞያሌ፣ ከያቤሎ እስከ ፊልቱ ባሉ ትምህርት ቤቶች አልቢኒዝም ያለበት ልጅ የደንብ ልብሱ ባለ ረጅም እጅጌ ሊሆን፣ ባርኔጣው ሊፈቀድለት፣ ከሰሌዳው ቀርቦ ሊቀመጥ ይገባል። ስፖርቱም ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ወይም ከሰዓት በኋላ ከአሥር ሰዓት በኋላ ቢሆን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በግቢው ዛፍ መትከል የልጆቹ ሁሉ ጥቅም ነው። ቅባቱ ግን ከማስዋቢያው መደርደሪያ ወርዶ ከጤና ጣቢያው የመድኃኒት ክፍል መግባት አለበት፤ ይህን ወላጅ ብቻውን ሊያደርገው አይችልም።

ውድ ተማሪዎቼ፣ ከመካከላችሁ የፋርማሲ፣ የሕግና የትምህርት አመራር ተማሪዎች አላችሁ። የንጉሥ የነበረው ጃንጥላ ለሁሉ እንደ ደረሰ፣ ይህም ሊደርስ ይችላል። ጃንጥላው ግን ጊዜ ነበረው፤ ዛሬ በነገሌ ሜዳ ላይ የቆመው ልጅ ያን ያህል ጊዜ የለውም።