አምፖሉን እዚያ ማን ሰቀለው?

መብራት ሲጠፋ ሻማ የምናስቀምጠው የት ነው? የሚያጠና ልጅ ካለ ደብተሩ አጠገብ፣ እራት ከቀረበ ትሪው አጠገብ፣ ወጥ እየተሠራ ከሆነ ምድጃው አጠገብ፡፡ መሰላል አምጥቶ ሻማውን ኮርኒስ ላይ የሚለጥፍ ሰው እስካሁን አልታየም፡፡ መብራቱ ሲመጣ ግን ይህ ሁሉ ብልሃት ይረሳል፡፡ ከጣሪያው እምብርት ላይ ወዳለው አንድ አምፖል ሥር እንመለሳለን፤ ሶፋውንም ጠረጴዛውንም እንደ እርሱ ፈቃድ እንደረድራለን፡፡ ለመሆኑ አምፖሉን እዚያ ያስቀመጠው ማነው? እኛ አይደለንም፡፡ ስንገባ እዚያው ነበር፡፡

ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ረዥም ታሪክ አለው፡፡ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፡፡)

እጅ የወሰነው ከፍታ

ለብዙ ሺህ ዓመታት መብራት ማለት እሳት ነበር፡፡ እሳት ደግሞ ሞግዚት ይፈልጋል፤ ዘይት ይጨመርለታል፣ ክሩ ይቆረጥለታል፣ ይለኮሳል፣ ይጠፋል፡፡ ስለዚህ የመብራቱን ከፍታ የሚወስነው የሰው እጅ ነበር፡፡ እጅ የማይደርስበት መብራት መሰላል፣ ረዥም ዘንግ ወይም በመዘውር የሚወርድ ገመድ ያስፈልገዋል፡፡ ያንን ደግሞ ቤተ መንግሥትና ቤተ አምልኮ እንጂ ተራ ሰው አይችለውም፡፡

የሚገርመው፣ ጣሪያቸው ሰማይ የሚነካ ሕንፃዎች እንኳ መብራታቸውን ሽቅብ አልሰቀሉትም፡፡ ኢስታንቡል ውስጥ ያለውን፣ በ1609 ግንባታው የተጀመረውን የሱልጣን አህመድ መስጊድ ተመልከቱ፡፡ የመሃል ጉልላቱ ከወለሉ 43 ሜትር ገደማ ይርቃል፡፡ መብራቶቹ ግን በረዣዥም ሰንሰለቶች ወርደው ወርደው ከሰጋጁ ራስ ትንሽ ከፍ ብለው ነው የሚቆሙት፡፡ ያኔ የዘይት ኩባያዎች ነበሩ፤ ሞልቶ የሚለኩሳቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል፡፡ ደግሞም የዘይት መብራት ደካማ ነው፤ ጉልላቱ ሥር ቢሰቀል የሚያበራው ለእርግቦች ነበር፡፡

የዚህ ምክንያቱ በቁጥር የታወቀውም በዚያው ዘመን ነው፡፡ ጀርመናዊው ዮሐንስ ኬፕለር በ1604 ባሳተመው የብርሃን መጽሐፍ ብርሃን ከምንጩ ሲርቅ በርቀቱ ካሬ ልክ እንደሚሳሳ አስረዳ፡፡ በቀላል አማርኛ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን አንድ ዘጠነኛ፡፡ ኩራዟን ከፊቷ አስቀምጣ ጥጥ የምትፈትል ባልቴት ይህን ቀመር ሳትማረው ታውቀዋለች፡፡

ከዚያ ቧንቧ መጣ

ለውጡን ያመጣው ብዙዎቻችን እንደምንገምተው ኤሌክትሪክ አልነበረም፡፡ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ጋዝ ነው፡፡ በ1807 የለንደን ፓል ማል ጎዳና በጋዝ መብራት ታየ፤ በ1812 ደግሞ ጋዝ በቧንቧ የሚያከፋፍል ኩባንያ እዚያው ከተማ ተቋቋመ፡፡ በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ቧንቧው የሀብታሞችንና የመካከለኛውን መደብ ሳሎን ያዘ፡፡

ከዚህ በፊት መብራት ከሰው ጋር ይዞር ነበር፡፡ ከክፍል ወደ ክፍል ስትሄድ ሻማህን ይዘህ ትሄዳለህ፡፡ ቧንቧ ግን አይዞርም፡፡ ጋዙ በጣሪያው ውስጥ አልፎ ከመሃል ላይ ይወርዳል፤ እዚያው ይነዳል፡፡ ነበልባሉ ጢስና ሙቀት ስላለው በጣም ዝቅ ቢል ያቃጥላል፣ በጣም ከፍ ቢል ኮርኒሱን ያጠቁራል፡፡ የመብራቱን ቦታ መምረጥ ከቤቱ ባለቤት እጅ ወጥቶ ቧንቧ ዘርጊው እጅ የገባው ያኔ ነው፡፡

ሰው ግን በዋዛ እጁን አልሰጠም፡፡ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት፣ በመዘውርና በክብደት ሚዛኑን የሚጠብቅ የጋዝ መብራት ተሠራ፡፡ እራት ሲቀርብ ወደ ጠረጴዛው ይሳባል፣ ሲያበቃ ወደ ላይ ይገፋል፡፡ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ጋዙ እንዳያመልጥ የሚያግደው ውኃ ነበር፡፡ ውኃው ሲተን መሙላት የረሳ ቤተሰብ ግን ቤቱ ጋዝ በጋዝ ይሆንበታል፡፡ መብራቱን ሃምሳ ሴንቲሜትር ዝቅ ለማድረግ ሲሉ ሰዎች እንዲህ ያለ አደጋ መቀበላቸው ነገሩ ምን ያህል ያሳስባቸው እንደነበር ያሳያል፡፡

ሽቦው የቧንቧውን ወንበር ወረሰ

በ1880 እንግሊዝ ውስጥ ክራግሳይድ የተባለው መኖሪያ ቤት በጆሴፍ ስዋን አምፖሎች በራ፡፡ በመስከረም 1882 ደግሞ የኤዲሰን የፐርል ስትሪት ጣቢያ በኒውዮርክ ሥራ ጀመረ፡፡ አምፖል አይጨስም፣ ዘይት አይለምንም፣ ተዘቅዝቆም ይበራል፤ ለማብራትም መንካት አያስፈልግም፣ ማብሪያ ማጥፊያው ግድግዳ ላይ ነው፡፡ እንግዲህ ይህ ሙሉ ነፃነት ነው፡፡ መብራት የትም፣ በየትኛውም ከፍታ መሆን ይችላል ማለት ነው፡፡

ነፃነቱን ምን አደረግነው? ምንም፡፡ ሽቦው ቧንቧው በለቀቀው ወንበር ላይ ተቀመጠ፡፡ በብዙ ቤቶች የጋዙ መብራት ራሱ አምፖል ተገጥሞለት ሥራውን ቀጠለ፡፡ ከዚያ በኋላ የተሠሩት፣ ጋዝ አይተው የማያውቁት ቤቶችም መሃሉን እንደ ሕግ ወሰዱት፡፡ በዚያ ላይ ከተንግስተን ክርና ከ1913ቱ በጋዝ የተሞላ አምፖል ወዲህ ብርሃኑ ዓይን የሚወጋ ሆነ፡፡ መሃል ጣሪያ ላይ ያለ ራቁት አምፖል ሁሉን ያሳያል፤ ለማንም ግን በተለይ አያበራም፡፡

መብራቱን መልሰው ያወረዱት

በ1926 የቪየናዋ አርክቴክት ማርጋሬተ ሊሆትስኪ ለፍራንክፈርት ከተማ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ኩሽና ነደፈች፡፡ ስፋቱ 1.9 በ3.4 ሜትር፣ ማለትም መተላለፊያ የምታክል ክፍል ነው፡፡ መብራቱን መሃል ላይ አልቸነከረችውም፤ ጣሪያው ላይ በሐዲድ የሚንሸራተት አደረገችው፡፡ ምክንያቱ ግልጽ ነው፡፡ መብራቱ መሃል ላይ ከሆነ ግድግዳው ጋ ቆማ ሽንኩርት የምትከትፍ ሴት ብርሃኑ ከጀርባዋ ይመጣል፤ የምትከትፈው በገዛ ጥላዋ ላይ ነው፡፡ ይህ ኩሽና ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ተገጠመ፡፡ ተከራዮቹ ሀብታሞች አልነበሩም፤ መብራቱ ግን ወደ ሥራቸው ይመጣላቸው ነበር፡፡

በዚያው ዘመን ዴንማርካዊው ፖል ሄኒንግሰን ሌላውን ግማሽ ፈታው፡፡ በ1894 የተወለደ፣ የላምባ መብራት ዘመን ልጅ ነው፡፡ ለአምፖሉ ሦስት ተደራራቢ ቆብ ሠራለት፤ ብርሃኑ ወደ ታች ይወርዳል፣ አምፖሉ ራሱ ግን ለዓይን አይታይም፡፡ በ1958 ያወጣው፣ 50 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ፒኤች 5 ዛሬም በብዙ የዴንማርክ ቤቶች ከገበታው በላይ 60 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል፡፡ የኬፕለርን ሒሳብ እዚህ እናምጣው፡፡ ኮርኒስ ላይ ያለ አምፖል ከጠረጴዛ 1.8 ሜትር ቢርቅና ወደ 60 ሴንቲሜትር ብናወርደው፣ ከግድግዳ የሚመለሰውን ሳንቆጥር፣ ከሥሩ ያለው ገበታ ዘጠኝ እጥፍ ብርሃን ያገኛል፡፡ በዚያው አምፖል፣ በዚያው ቆጣሪ!

ኪራይ ቤት ስለሆነ ጣሪያ መብሳት የማይፈቀድልን ብንሆንስ? ለዚህ ጣሊያኖቹ ወንድማማቾች አኪሌና ፒዬር ጃኮሞ ካስቲሊዮኒ በ1962 አርኮን ይዘው መጡ፡፡ ከ65 ኪሎ ገደማ እምነበረድ ላይ የሚነሳ የብረት ቅስት መብራቱን ሁለት ሜትር ያህል አሻግሮ ገበታው ላይ ያደርሰዋል፤ ከተቀመጡት ጀርባ ትሪ የያዘ ሰው ማለፍ ይችላል፡፡ እምነበረዱ መሃል ቀዳዳ አለው፤ የመጥረጊያ እንጨት አስገብተው ሁለት ሰዎች እንዲሸከሙት ነው፡፡

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ኮንዶሚኒየምም ይሁን ሌላ አፓርታማ፣ የመብራቱ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ የክፍሉ መሃል ነው፡፡ ለእውነት ብንቆም፣ ቤት ሠሪው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፡፡ ማን እንደሚገባ፣ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም፤ መሃሉ ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ መልስ ነው፡፡ ቤት ለማጽዳትም ብዙ እንግዳ ለመቀበልም ይጠቅማል፡፡ ችግሩ የሚመጣው እኛ ከገባን በኋላም ያንን መልስ የመጨረሻ ስናደርገው ነው፡፡

ሽቦው መሃል ላይ ስላለቀ መብራቱ እዚያ ማለቅ የለበትም፡፡ ረዘም ያለ ገመድና ጣሪያ ላይ የምትገባ አንዲት መንጠቆ ከመሃል ወደ ጠረጴዛው ያሻግሩታል፡፡ ክብደቱን ግን መንጠቆው ይሸከም እንጂ ሽቦው አይሸከም፤ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ስጡት፣ ከቆጣሪውም ይጥፋ፡፡ ከፍታውን ከወለሉ ሳይሆን ከሥራው ለኩት፡፡ 60 ሴንቲሜትር የተባለው ለወንበርና ለጠረጴዛ ነው፤ በርጩማ ላይ ተቀምጠን ቡና የምናፈላበት ረከቦት ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል፡፡ ለእሱ የሚወርድ መብራት ደግሞ ረከቦቱ ሲነሳ የሰው ግንባር እንዳይመታ ገመዱ የሚያጥር የሚረዝም ይሁን፡፡ ሰው በሚመላለስበት ቦታ ከረዥሙ እንግዳችሁ ራስ በላይ ይሁን፡፡ የመጨረሻው ፈተና ቀላል ነው፤ ተቀመጡና ፊት ለፊት ያለውን ሰው ተመልከቱ፡፡ አምፖሉ ዓይናችሁን ከወጋው ከፍ ብሏል፤ የሰውየውን ፊት ከጋረደው ዝቅ ብሏል፡፡

እናም በዚህ ሳምንት እቤታችሁ አንድ ነገር ሞክሩ፡፡ ማታ ወጥ የሚሠራው ሰው አጠገብ ቁሙና ጥላው የት እንደሚያርፍ እዩ፡፡ ድስቱ ላይ ካረፈ፣ ያ ቤት እስከ ዛሬ የሚተዳደረው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የለንደንን ሳሎን በበሳ ቧንቧ ዘርጊ ነው ማለት ነው፡፡ ሰውየው በቂ ዘመን ገዝቷል፤ አሁን ቢወርድ አይሻልም ትላላችሁ?

ቸር እንሰንብት!