ጥርሱን ያመመው መኮንን
መጽሐፍ፦ «ቴምፖ ዲ ኡቺዴሬ» (የመግደያ ጊዜ)፣ ኤንዮ ፍላያኖ፣ በጣልያንኛ፣ ሎንጋኔዚ፣ እ.ኤ.አ. 1947

ፍላያኖ በጣልያን ወረራ ዘመን መኮንን ሆኖ ኢትዮጵያ ዘምቷል። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ያሳተመው ይህ ብቸኛ ረጅም ልቦለዱ የመጀመሪያውን የስትሬጋ ሽልማት አስገኘለት።

ባለታሪኩ ጥርሱን አሞት ሐኪም ፍለጋ ይወጣል። አቋራጭ እይዛለሁ ብሎ መንገድ ይጠፋውና ገላዋን ስትታጠብ ያገኛት ማርያም የተባለች የአገሬው ሴት ዘንድ ያድራል። ሌሊት አውሬ መስሎት ሲተኩስ ጥይቱ ድንጋይ ላይ ነጥሮ እሷን ይመታል። ሰው እንደመጥራት በሽጉጥ ይጨርሳትና ድንጋይ ይከምርባታል። ኋላ፣ ራሷ ላይ የጠመጠመችው ነጭ ሻሽ የሥጋ ደዌ ምልክት ነው ሲባል ይሰማል። ከዚያ ወዲያ ዓይኑ ከእጁ ቁስል አይነቀልም፤ የሚያስጨንቀው የሟቿ ነገር ሳይሆን የገዛ ቆዳው ነው።

የልቦለዱ ምድር ሰሜን ነው። መጽሐፉ እዚህ የቀረበው የጎጃሞቹ ዳንግላና እንጅባራም እንዲህ ያሉ መኮንኖች የሰፈሩባቸው ምሽጎች ስለነበሩ ነው። ከምሽጎቹ ብዙም በማይርቀው ፋግታ፣ በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድ የጎጃም አርበኞችን ለማስተባበር ሰፍሮ ነበር። በዚያው ዓመት ጣልያኖች ሁለቱንም ከተሞች ለቀው ወጡ።

ፍላያኖ ወገኑን አልማረም፤ ጀግና የሚባል ጣልያናዊ በመጽሐፉ የለም። ማርያምን ግን አንደበት ነፍጓታል። የአገሩን ሰው በዚህ ልቦለድ የምናየው በገዳዩ ዓይን ብቻ ነው።