የቃል ማብራሪያ፦ የአንባቢዎች ሽሚያ

የዴቢያን ሊኑክስ መጫኛ ሲነሣ «ኤስ»ን ተጭኖ ኢንተር የመታ ሰው ኮምፒውተሩ አፍ አውጥቶ ሲናገር ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው ዴቢያን 7 ጀምሮ ዐይነ ስውር ተጠቃሚ የሚያይ ሰው አጠገቡ ሳያስቀምጥ፣ የብሬል ማሳያም ሳያስፈልገው፣ ስርዓተ ክወናውን በድምፅ እየተመራ ራሱ መጫን ይችላል። ጭነቱ አልቆ ዴስክቶፑ ሲከፈት ግን በማሽኑ ውስጥ ሁለት ተናጋሪዎች አሉ። አንዱ ጥቁሩን የጽሑፍ ገጽ፣ ማለትም ኮንሶሉን ያነባል፤ ሌላው መስኮቶቹንና በውስጣቸው ያለውን ሁሉ። አንዳንዴ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ። የባሰው ደግሞ አንዱ ሌላውን ዝም ሲያሰኘው ነው፤ ገጹን በዐይኑ ለማይከታተል ሰው ዝም ያለ ኮምፒውተር ከጠፋ ኮምፒውተር አይለይም።

ይህን ሁኔታ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ «ስክሪን ሪደር ኮንፍሊክት» ይሉታል። በአማርኛ «የአንባቢዎች ሽሚያ» እንድንለው ሐሳብ አቀርባለሁ። «አንባቢ» ስል በአማርኛ የተዘጋጁ ስልኮች «ማያ ገጽ አንባቢ» የሚሉትን፣ በአፍ ግን አብዛኞቻችን ስክሪን ሪደር የምንለውን ፕሮግራም ማለቴ ነው። «ግጭት» የሚል ቃል እያለ «ሽሚያ»ን የመረጥሁት ነገሩን በትክክል ስለሚገልጸው ነው። ሁለቱ ፕሮግራሞች ጠብ የላቸውም፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ የሌላውን መኖር እንኳ አያውቅም። የሚሻሙት ነገር ግን አለ። ሽሚያ ነው ከተባለ ደግሞ «በምን ላይ?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ይከተላል፤ መፍትሔውም የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። መፍትሔውን እንግሊዝኛው «ሃንድኦቨር» የሚለው ሲሆን አማርኛ ግን የመጋዘንና የቢሮ ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ርክክብ» የሚል ቃል አለው።

መጀመሪያ ሁለት አንባቢ ለምን እንዳስፈለገ እንይ። የኮንሶሉ ጽሑፍ የሚቀመጠው የስርዓተ ክወናው እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ፣ በረድፍና በአምድ ተደርድሮ ነው። ካናዳዊው ኪርክ ራይዘር የጀመረው ስፒክአፕ እዚያው ከርነሉ ውስጥ ሆኖ ያንን ጽሑፍ ያነባል። ለረጅም ጊዜ በከርነሉ የሙከራ ክፍል ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ከርነል 5.9 ከዚያ ወጥቶ ሙሉ አባል ሆኗል። ዴስክቶፑ ግን ለከርነሉ ነጠብጣብ ቀለም ብቻ ስለሆነ ስፒክአፕ እዚያ የሚያነበው የለውም። በሰን ማይክሮሲስተምስ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2006 ግኖም ከተባለው ዴስክቶፕ 2.16 እትም ጋር የወጣው ኦርካ በበኩሉ መረጃውን የሚያገኘው ኤቲ-ኤስፒአይ በሚባለው መገናኛ በኩል፣ ከየፕሮግራሙ አፍ ነው። ኮንሶሉ በዚህ መገናኛ አይናገርም። ስለዚህ «አንዱን አጥፋውና ተገላገል» የሚለው የተለመደ ምክር አያዋጣም። የግራፊክስ ድራይቨሩ ተበላሽቶ ዴስክቶፑ አልነሣ ሲል የሚቀረው ኮንሶሉ ብቻ ነው፤ የሚያይ ሰው የስህተቱን መልእክት እዚያ አንብቦ ማሽኑን ያድናል፤ ዐይነ ስውሩም ያንኑ የማድረግ መብት አለው።

ትልቁ ሽሚያ በድምፅ ካርዱ ላይ ነው። ዛሬ በአብዛኛው ኮምፒውተር ላይ ያለው የድምፅ ካርድ የብዙ ፕሮግራሞችን ድምፅ በራሱ አይቀላቅልም፤ ቀድሞ በቀጥታ የከፈተው ይይዘዋል፤ ዘግይቶ የመጣው «ተይዟል» ይባላል። በዴስክቶፑ በኩል ድምፅ የሚቀላቅለው ፐልስኦዲዮ ወይም በብዙ ስርጭቶች የተካው ፓይፕዋየር ነው፤ የሚነሣውም ተጠቃሚው ሲገባ፣ በተጠቃሚው ስም ነው። ስፒክአፕን ጽሑፍን ወደ ድምፅ ከሚቀይረው ኢስፒክ ጋር የሚያገናኘው ኢስፒክአፕ ግን ማሽኑ ገና ሲነሣ፣ ማንም ሳይገባ፣ በስርዓቱ ሥልጣን ይጀምርና ካርዱን አልሳ በሚባለው የከርነሉ የድምፅ ክፍል በኩል በቀጥታ ሊከፍተው ይችላል። ቀድሞ ደርሷልና ካርዱ የእሱ ነው። ተጠቃሚው ሲገባ ፐልስኦዲዮ ካርዱን ያጣዋል፤ ድምፅ የትም የማያደርስ የይስሙላ መውጫ ይፈጥራል፤ ኦርካም ወደዚያ ይናገራል። በኦርካ በኩል ሁሉም ደህና ነው፤ ቃላቱ ተልከዋል፣ ስህተት አልተመለሰም። ሰሚ ብቻ ነው የጠፋው።

ተገላቢጦሹም አለ። ተጠቃሚው ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 ተጭኖ ከዴስክቶፑ ወደ ኮንሶል ሲሻገር፣ አገልግሎቶችን የሚያስነሣው የሲስተምዲ አካል የሆነው ሎጊን-ዲ የዴስክቶፑን ክፍለ ጊዜ ከፊት ያነሣዋል፤ የድምፅ ካርዱን ፈቃድም ከዚያ ተጠቃሚ ይነጥቃል። ፐልስኦዲዮ ፈቃዱ መወሰዱን ሲያይ ካርዱን ይለቃል፤ ተጠቃሚው ሲመለስ መልሶ ይይዘዋል። ይህ በወጉ የታሰበ ርክክብ ነው። ሆኖም «ድምፅ እምቢ ሲልህ ስምህን ኦዲዮ የሚባለው ቡድን ውስጥ ጨምር» የሚል የቆየ ምክር አለ። የቡድኑ አባል የሆነ ሰው ፈቃዱ ቋሚ ነውና ሎጊን-ዲ ሊነጥቀው አይችልም፤ ፐልስኦዲዮም ካርዱን ጨብጦ ይቀራል፤ የኮንሶሉ አንባቢ አፉ እንደተያዘ ይቆያል። ሽሚያ የገጠመው ሰው ከሁሉ በፊት ይህን እንዲያጣራ እመክራለሁ፤ ችግሩን ያመጣው ራሱ «መፍትሔው» ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የመግቢያው ገጽም የራሱ ተጠቃሚ፣ የራሱ ኦርካና የራሱ የድምፅ አገልግሎት ስላለው፣ የይለፍ ቃል አስገብቶ እስከ መግባት ባለው አጭር ጊዜ ሌላ ርክክብ እንዳለ መርሳት አይገባም።

ምርመራውን የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ግን ልብ አይለውም። ኢስፒክአፕም፣ ኦርካ የሚናገርበት ስፒች ዲስፓቸርም በአብዛኛው የሚጠቀሙት ያንኑ ኢስፒክን ነው። የሁለቱ አንባቢዎች ድምፅ አንድ ይሆናል። ድምፁ ሲደራረብ ወይም ሲቆራረጥ ሰሚው የትኛው እየተናገረ የትኛው እንደዘጋ መለየት አይችልም። ስለዚህ ምንም ከመንካት በፊት ለአንዱ ቀጠን ያለ፣ ለሌላው ወፈር ያለ ድምፅ መስጠት ይበጃል። የሁለቱ ቅንብር ለየብቻ ስለሆነ አንዱ ላይ የቀየሩት ፍጥነትም ሆነ ውፍረት ሌላውን አይነካውም፤ ይህ በሌላ ጊዜ የሚያሰለች ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ታዲያ በድምፅ ካርዱ ሽሚያ ምን ይደረግ? አንዳንዶች ፐልስኦዲዮን ከተጠቃሚው አውጥተው ለመላው ስርዓት አንድ ብቻ እንዲሆን ያደርጉታል፤ ይሠራል፤ ነገር ግን ሠሪዎቹ ራሳቸው አይመክሩትም። አንዳንዶች የኢስፒክአፕን አገልግሎት ዴስክቶፕ ሲከፍቱ ያቆሙታል፤ ያኔ ግን ዴስክቶፑ ሲወድቅ ኮንሶሉም ዲዳ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። እኔ የማምንበት ትንሿን የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ መሰካት ነው። ኢስፒክአፕ በእሷ ብቻ እንዲናገር ይታዘዛል፤ የማሽኑ ካርድ ለዴስክቶፑ ይቀራል፤ የሚሻሙት ነገር አይኖርም። ለፕሮግራመር ዐይን ውበት የሌለው መፍትሔ ነው። ለዐይነ ስውር ተጠቃሚ ግን ሁለቱም አንባቢ ሁልጊዜ አፍ እንዲኖረው ማድረግ ከማንኛውም የንድፍ ውበት ይበልጣል።

ርክክብ በደንብ ሲታሰብ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ወደ ብሬል ይመልከት። የብሬል ማሳያ ነጥቦቹ ከታች ወደ ላይ ብቅ እያሉ በጣት የሚነበብ መሣሪያ ነው፤ በሊኑክስ ላይ ይህን የሚያዘው እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው ብሬል-ቲቲዋይ ነው። ማሽኑ ሲነሣ መሣሪያውን አንድ ጊዜ ይይዛል፤ ለማንም አይለቅም። ኦርካ በብሬል ማሳየት ሲፈልግ መሣሪያውን በቀጥታ አይነካም፤ ብሬል-ኤፒአይ በሚባል በር በኩል ብሬል-ቲቲዋይን ይጠይቃል፤ ሲጠይቅም ዴስክቶፑ በየትኛው የኮንሶል ቁጥር ላይ እንዳለ አብሮ ያሳውቃል። ብሬል-ቲቲዋይ አሁን ከፊት ያለው የትኛው ቁጥር እንደሆነ ያውቃል። ተጠቃሚው ወደ ኮንሶል ሲሻገር ከጣቱ በታች የነበረው የኦርካ ጽሑፍ ይነሣና የኮንሶሉ ይተካል፤ ሲመለስ እንደገና የኦርካ። ተጠቃሚው የሚያደርገው ነገር የለም። አንድ ባለቤት፣ ሌላው ጠያቂ፣ ተራውም በግልጽ የታወቀ። የድምፁ ዓለም እስከ ዛሬ ይህን ያህል የጠራ ሥርዓት አላገኘም።

ይህም ቢሆን ብሬል-ቲቲዋይ ራሱ በሌላ ቦታ ሽሚያ ውስጥ ገብቷል። በኡቡንቱ 22.04 አርዱዊኖ የተባለውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሚሰኩ ሰዎች መሣሪያቸው ወዲያው ሲጠፋባቸው ተቸገሩ። ሲኤች340 የተባለችው ርካሽ ቺፕ በአንዳንድ የብሬል ማሳያዎችም ውስጥ ስላለች፣ ብሬል-ቲቲዋይ ያንን መለያ ቁጥር ሲያይ የብሬል ማሳያ የመጣ መስሎት ይይዘው ነበር። ብዙዎች የወሰዱት መፍትሔ ብሬል-ቲቲዋይን ነቅሎ መጣል ነው። ኮምፒውተሩ የግላቸው ከሆነ ሊገባኝ ይችላል፤ በጋራ ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ይህ የአንድን ዐይነ ስውር ተማሪ መግቢያ በር መንቀል ነውና ያሳስበኛል።

ሦስተኛው ሽሚያ በቁልፎቹ ላይ ነው። ስፒክአፕ በቁጥር ሰሌዳው ላይ 7፣ 8ና 9ን ለመስመር፣ 4፣ 5ና 6ን ለቃል፣ 1፣ 2ና 3ን ለፊደል ይጠቀማል፤ ኦርካም ገጹን ሲቃኝ ያንኑ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለሚሻገር ጣት ይህ መልካም ነው። በፓይተን የተጻፈው ሌላው የኮንሶል አንባቢ ፌንሪር ደግሞ የቁልፍ ሰሌዳውን ለራሱ ሊይዝ ስለሚችል፣ በየትኞቹ የኮንሶል ቁጥሮች ላይ ዝም ማለት እንዳለበት የሚነገርበት ቅንብር አለው፤ ዴስክቶፕ ያለበትንም ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ ማድረግ ይቻላል። በመስኮት ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት፣ ማለትም ምናባዊ ማሽን የራሱን አንባቢ ይዞ ሲነሣ፣ የውጪው አንባቢ ቁልፎቹን ይውጣል፤ የውስጡ ይራባል። ለዚህ የዊንዶውሱ አንባቢ ኤንቪዲኤ «የእንቅልፍ ሁነታ» አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ኦርካ 46ም ይህንኑ አክሏል። አንባቢው ለዚያ ፕሮግራም ብቻ ይተኛል፤ ከዚያ መስኮት ሲወጡ ይነቃል። ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ በራሱ ድምፅ የሚያናግረውን ኢማክስፒክን የሚጠቀም ሰውም በዚሁ ይጠቀማል።

አማርኛ ለሚያነብ ተጠቃሚ የሥራ ክፍፍሉን የሚወስን ሌላም ምክንያት አለ። የሊኑክስ ኮንሶል በአንድ ጊዜ ከ512 የሚበልጥ የፊደል ቅርጽ መያዝ አይችልም፤ በተለመዱት የኮንሶል ፊደላት ውስጥ ደግሞ ፊደላችን የለም። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ኮንሶሉ ላይ ሲዘረዘር ስሙ በምትክ ምልክት ይተካል፤ ከርነሉም ዋናውን ፊደል ይረሳው ስለነበር አንባቢው የሚያነበው ያንኑ ምልክት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ከብሬል-ቲቲዋይ ጀማሪዎች አንዱ የሆነው ኒኮላ ፒትር ከርነሉ ትክክለኛውን የዩኒኮድ ዋጋ እንዲያስታውስና ለአንባቢዎች እንዲያቀርብ አደረገ፤ ለውጡም በከርነል 4.19 ወጣ። በዐይን የማይታየውን ፊደል በጣት ማግኘት የሚቻልበት መንገድ ተከፈተ። ኦርካ ግን ፊደሉን መጀመሪያውኑ ከፕሮግራሙ በዩኒኮድ ይቀበላል፤ የኢስፒክ ተከታይ የሆነው ኢስፒክ ኤንጂም ከሚናገራቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ስለዚህ የኮንሶሉን አንባቢ በእንግሊዝኛ ድምፅ ለትእዛዞቹ ትቶ አማርኛውን ለኦርካ መስጠት ያዋጣል፤ ያኔ ማን እየተናገረ እንደሆነ ከቋንቋው ይለያል።