ሮዛሺያ፦ ሥር የሰደደ የፊት ቆዳ መቆጣትና ቀስቃሽ ምግቦች

ሮዛሺያ በጉንጭ፣ በአፍንጫ፣ በግንባርና በአገጭ ላይ እየጠፋ የሚመለስ ቅላት፣ የማቃጠል ስሜትና ብጉር መሰል እብጠት የሚያስከትል የቆዳ ሕመም ነው። በአማርኛ «ሥር የሰደደ የፊት ቆዳ መቆጣት» ሊባል ይችላል፤ «የፊት ቅላት» ከማለት ይልቅ ይህ አቻ የሚመረጠው፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይና ሕመምተኛው ይበልጥ የሚያውቀው ሙቀቱን፣ ማቃጠሉንና እብጠቱን በመሆኑ ነው። በዚሁ ምክንያት ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከብጉር ጋር ይምታታል።

ከአመጋገብ ጋር ሲያያዝ «ቀስቃሽ» የሚለው ቃል ይነሣል። ቀስቃሽ ምግብ ሕመሙን የሚፈጥር ሳይሆን ያለው ሕመም እንዲያገረሽ የሚያደርግ ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ የሚያቃጥሉት ካፕሳይሲን በተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ይህም ሙቀትን የሚለየውን የነርቭ ተቀባይ ስለሚያነቃ የፊት ደም ሥሮች እንዲሰፉ ሊያደርግ ይችላል። ጠጅና አረቄን የመሰሉ የአልኮል መጠጦችም የደም ሥሮችን ያሰፋሉ።

ቡና ሮዛሺያን ይቀሰቅሳል የሚለው ግንዛቤ ግን መታረም ይገባዋል። ተመራማሪው ጆናታን ዊልኪን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት ትኩስ ቡናና ትኩስ ውኃ የሕመምተኞችን ፊት ሲያቀሉ፣ የቀዘቀዘ ቡናና ካፌይን ብቻውን ግን አላቀሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣና 82,737 አሜሪካውያን ሴቶችን የተከታተለ ጥናትም ቡና አዘውትረው በሚጠጡት ዘንድ ሕመሙ አነስተኛ ሆኖ መገኘቱን አሳይቷል።

ቀስቃሹ ሙቀቱ በመሆኑም፣ በአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከላፍቶ እስከ ጀሞ ባሉ ምግብ ቤቶች፣ እየፈላ የሚቀርብ ተጋቢኖ ሽሮ ሙቀትንና በርበሬን አጣምሮ ስለሚይዝ ሁለት ቀስቃሾች በአንድ ማዕድ ይገናኛሉ። ቀስቃሹ ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ ሕመምተኛው የሚበላውንና የፊቱን ሁኔታ ለጥቂት ሳምንታት እየመዘገበ፣ ምግቡንና ቡናውን አቀዝቅዞ፣ ቀይ ወጡን በአልጫ ተክቶ አንድ በአንድ ቢፈትሽ፣ ያለ በቂ ምክንያት ከብዙ ምግብ ከመራቅ ይድናል። ፀሐይም ዋና ቀስቃሽ በመሆኗ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥና ጨረሯ በሚበረታበት ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ጥፋቱን ሁሉ በምግብ ላይ መጣል ትክክል አይሆንም።

የምግብ ጥንቃቄ ሕክምናን አይተካም። በተለይ ስቴሮይድ ያለባቸው የፊት ቅባቶች ለጊዜው ያስታገሱ መስለው ሕመሙን ስለሚያባብሱ፣ ፊቱ ደጋግሞ የሚቃጠልበት ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ እነርሱን ከመቀባት ተቆጥቦ፣ እንደ አለርት ያለ የቆዳ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ሊሄድ ይገባዋል።