የቀስተኞቹ ኮረብታ

ሐጅ ወይም ዑምራ አድርጎ የመጣ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ስለ ኡሁድ ሳትሰሙ አትቀሩም። አውቶቡሱ ከመስጂደ ነበዊ ወደ ሰሜን አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። ሑጃጁ ይወርዳል፣ ቀላ ያለውን ተራራ ያያል፣ ለሹሀዳዎቹ ሰላምታ ያቀርባል፣ ቴምር ገዝቶ ይመለሳል። ከተራራው ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ ኮረብታ ግን ብዙው ሰው የሚወጣባት ፎቶ ለመነሳት ነው። ዛሬ ልናወራችሁ የፈለግነው ስለ እርሷ ነው።

የጥንት ስሟ ዐይነይን ነው። ዛሬ ጀበል አር-ሩማት፣ ማለትም የቀስተኞቹ ተራራ ትባላለች። ነገሩ የሆነው በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በሸዋል ወር (እ.ኤ.አ. 625) ነበር። በበድር የተሸነፉት ቁረይሾች 200 ፈረሰኞች ያሉበት 3000 ጦር ይዘው መጡ። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ከመዲና የወጡት 1000 ያህል ሲሆኑ፣ የሙናፊቆቹ አለቃ ዐብዱላህ ቢን ኡበይ 300ውን ይዞ ከመንገድ ተመለሰ። የቀሩት 700 ኡሁድን ከጀርባቸው አድርገው ተሰለፉ።

ከኮረብታዋ አናት ቆሞ ለሚያይ ሰው የዚያን ቀን አሰላለፍ ያለ አስረጂ ይገባዋል። ተራራው ከኋላ እንደ ግንብ ነው፤ ክፍት የቀረው በር በዚህች ኮረብታ በኩል ያለው ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በዐብዱላህ ቢን ጁበይር (ረ.ዐ) መሪነት 50 ቀስተኞችን እዚያ አቆሙ። ድልም ይሁን ሽንፈት ቢያዩ፣ ሳይጠሩ ቦታቸውን እንዳይለቁ አዘዟቸው።

ቁረይሾች ሲሸሹ ግን አብዛኞቹ ቀስተኞች ውጊያው ያለቀ መስሏቸው ለምርኮ ወረዱ። ከመሪያቸው ጋር የጸኑት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ያኔ ገና ያልሰለመው ኻሊድ ቢን አል-ወሊድ ክፍተቱን አይቶ በፈረሰኞቹ ዞሮ ገባ። 70 ያህል ሶሐባ ሸሂድ ሆኑ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ፊታቸው ቆሰለ፣ ጥርሳቸው ተሰበረ። በወረዱት ሶሐባዎች ላይ ምላሳችንን አናነሳም፤ አላህ ይቅር እንዳላቸው በሱረቱ ኣሊ ዒምራን ተነግሯል። ሰዎች ሐውልት የሚያቆሙት ባሸነፉበት ቦታ ነው። ይህች ኮረብታ ግን የምትጠራው ሊጠብቋት ታዘው በወረዱባት ሰዎች ስም ነው፤ ሙስሊሞችም ስሙን ለመቀየር አልሞከሩም።

ከኮረብታዋ አጠገብ በአጥር የተከበበው የሹሀዳ መቃብር አለ። ጀናዛቸውን ወደ መዲና የወሰዱ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን በወደቁበት እንዲቀበሩ መልሰው አስመጧቸው። ሁለት ሦስቱ በአንድ ቀብር ሲገቡ ቁርኣን ይበልጥ የያዘው ይቀደም ነበር። በዘመናት ውስጥ በሐምዛ (ረ.ዐ) ቀብር ላይ ቁባ ተሠርቶ ነበር፤ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፈረሰ። ዛሬ የሚታየው ሜዳ መሬት ነው። ከኮረብታዋ ጠጠርና አፈር ለበረካ ብለው በፌስታል ቋጥረው የሚያመጡ አሉ። ይህ በሱንናው መሠረት የለውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከስምንት ዓመት በኋላ እዚያ ሄደው ያደረጉት ዱዓእ ነው፤ እናንተም ስትሄዱ አፈሩን ለመጪው ሰው ተዉለት።

ኡሁድ ላይ የአገራችን ስም ሁለት ጊዜ ይነሳል። ሐምዛን በጦር የገደለው ወሕሺ ሐበሻዊ ባሪያ ነበር። ጌታው ጁበይር ቢን ሙጥዒም ነጻ አወጣሃለሁ ብሎት ነበርና ያን አደረገ፤ ኋላ ሰልሞ በአቡበክር (ረ.ዐ) ዘመን ሐሰተኛውን ነቢይ ሙሰይሊማን በገደሉት ውስጥ ተቆጠረ። ሁለተኛው ሙስዐብ ቢን ዑመይር (ረ.ዐ) ነው፤ መካ ውስጥ በድሎት ያደገ፣ ኋላም በስደት ወደ ሐበሻ ምድር የመጣ ወጣት። የዚያን ቀን ባንዲራ ይዞ ወደቀ። ከፈን የሚሆን የተገኘለት አንድ ልብስ ነበር፤ ራሱን ሲሸፍኑት እግሩ ይወጣል፣ እግሩን ሲሸፍኑት ራሱ ይገለጣል። ራሱን በልብሱ፣ እግሩን ኢዝኺር በሚባል ሣር ሸፈኑት። ከዓመታት በኋላ ባለጠጋው ዐብዱረሕማን ቢን ዐውፍ (ረ.ዐ) ጾመው ሳለ ምግብ ሲቀርብላቸው ይህን አስታውሰው አለቀሱ፤ ምግቡንም ተዉት።